የጥጃዋ ዓይንና የየኔታ ጥምጥም

ስልኩ የጮኸው ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ነው፤ ጎዴ ላይ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ጥላ ሥር በሚያስተኛበት ሰዓት። እኔ በምሠራበት ጤና ጣቢያ ላቦራቶሪ ውስጥ የደም ናሙና እያየሁ ነበር። የደወለችው እታለም ናት፣ ታላቅ እህቴ። በዚህ ሰዓት ደውላልኝ አታውቅም።

«እናኑ፣ ብቻሽን ነሽ?»

«ብቻዬን ነኝ። ማን ሞተ?»

«የሞተስ የለም። የሞተውን ነው የሚገድሉብን።»

ከዚያ ነገረችኝ። ንፋስ መውጫ ያለው የደብራችን አሮጌ አጥር ፈርሶ በድንጋይ ሊታጠር መሠረት ሲቆፈር፣ ከወይራው ሥር አንድ ነገር ወጣ። በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ በክር ተጠፍሯል። ቆፋሪዎቹ ሲፈቱት ሁለት ክብ ዓይን አፈጠጠባቸው፤ ብር የመሰለ ዓይን፣ ከኋላው እንደ እግር የሾሉ አራት ሽቦዎች ያሉት። አንደኛው አካፋውን ጥሎ ሮጠ። «ድግምት ነው» ተባለ። ጠበል ረጩበት፤ አሁን ከነጨርቁ በጣሳ ተደርጎ ዕቃ ቤት ተቀምጧል። በእጁ የሚነካው ሰው ጠፍቷል።

«ጨርቁስ የማን ነው?» አልኳት፤ እያወቅሁ።

«እሱን ነው የምልሽ። ጫፉ ላይ ሦስት ቋጠሮ አለበት።»

በዚያ ደብር ሦስት ቋጠሮ ያለበት ጥምጥም የነበራቸው አንድ ሰው ብቻ ናቸው። አያታችን ናቸው፤ እኛም አገሩም «የኔታ» የምንላቸው። ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ የጥምጥማቸውን መጨረሻ ዳብሰው እንዲያገኙት እናቴ ነበረች የቋጠረችላቸው።

«‹ደብተራ ነበሩ፣ ዓይናቸውም የጠፋው ለዚሁ ነው› እያሉ ነው» አለች እታለም። «ተማሪዎቻቸውም ለሙት ዓመታቸው ማኅሌት ሊቆሙ ተዘጋጅተው ነበር፤ ‹ነገሩ እስኪጣራ እንቆይ› ብለዋል። የሚመጣው እሑድ ሳምንት ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ይቀመጣሉ። በዱላቸው ስትመሪያቸው የኖርሽው አንቺ ነሽ። የምታውቂው ነገር አለ?»

«አለ» አልኳት። «እጽፈዋለሁ።»

ስልኩን ዘጋሁ። የተቀበረውን የቀበርኩት እኔ ነኝ።

ሰባተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ወራቱም ሁዳዴ። ጠዋት ጠዋት የኔታን ወደ ደብሩ ማድረስ የእኔ ሥራ ነው። የዱላቸውን አንድ ጫፍ እሳቸው ይይዛሉ፣ ሌላውን እኔ። ከቤታችን ደጃፍ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ ነው። እሳቸው ከንፈራቸው ሳይንቀሳቀስ ይቆጥሩታል። አንድ ቀን ላሳስታቸው ብዬ በቧንቧው በኩል አዞርኳቸው።

«እናንዬ፣» አሉኝ ቆም ብለው፣ «ዛሬ ቤተ ክርስቲያኑ ተሰደደ እንዴ?»

ግድግዳ አጠገብ ሲደርሱ ምላሳቸውን «ጧ» ያደርጋሉ። «ግድግዳ አለ» ይላሉ፤ አለም። እንዴት እንዳወቁት ብጠይቃቸው «ይመልስልኛል» አሉኝ። እኔ የመሰለኝ ግድግዳው የሚመልስላቸው ስለበቁ ነው። ድጓን ቤተ ልሔም ተምረው ያስመሰከሩ ሰው ናቸው፤ በሁዳዴ ጾመ ድጓውን ቤት ውስጥም ያንጎራጉሩታል። በዚያ ዜማ ነው ከእንቅልፌ የምነቃው። የዚያ ዜማ መቋረጥ ምን እንደሚመስል ገና አላውቅም ነበር።

ከደብሩ ወደ ትምህርት ቤት እሮጣለሁ። ፊዚክስ የሚያስተምሩን መምህር ማቴዎስ ይባላሉ። ከደቡብ ነው የመጡት። በመጡ በመጀመሪያው ቀን ንፋሱ ባርኔጣቸውን ነጥቆ ከአጥር ማዶ ጣለው። «ይሄ ንፋስ መውጫ አይደለም፣ ነፍስ መውጫ ነው!» አሉ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅሁም። እንዲህ ያለ ነገር በአፍ አይጠራም ብለው ነው ያሳደጉኝ።

እሳቸው ናቸው ሮቦት እንሠራለን ያሉን። ደብረ ታቦር ላይ የተማሪዎች ውድድር አለ፤ የየትምህርት ቤቱ ሮቦት በካርቶን ግድግዳ መካከል ማንም ሳይነካው ሄዶ፣ ግድግዳ ሲያገኝ ቆሞ፣ ዞሮ መውጣት አለበት። ስንጀምር ስድስት ነበርን። እስከ መጨረሻው የቆየነው እኔና ዘይነባ ብቻ ነን። ዘይነባ አባቷ ገበያው ውስጥ ጨርቅ ይነግዳሉ፤ ረጅም ናት፣ ቀልደኛ ናት፣ እጇ የነካውን ሁሉ ፈታትታ ትገጥማለች። እኔ ደግሞ መፍታቱም መግጠሙም ያስፈራኛል፤ ግን ጽሑፌ ያምራልና ስም መለጠፍና መመዝገብ የእኔ ድርሻ ሆነ።

ገላውን ከቢጫ የዘይት ጀሪካን ቆረጥነው። ጎማዎቹና ሞተሮቹ ለውድድሩ ተብሎ ከባሕር ዳር ከተላከልን ካርቶን ወጡ። የፊተኛው እግር ያለቀ የዲኦዶራንት ጠርሙስ ኳስ ነው፤ ዘይነባ ናት ያመጣችው። ሮቦቷ ቆማ ስትንገዳገድ አየችና «ይቺማ ዛሬ የተወለደች ጥጃ ናት» አለች። ስሟ ጥጃዋ ሆኖ ቀረ። መምህር ማቴዎስ ሽቦ ሲበይዱ ጢሱ ሙጫ ሙጫ ይሸታል። ከዕጣን ጋር ዘመድ የሆነ ሽታ ነው። እንዲህ ያለ ጢስ ለዕቃ ሲጨስ አይቼ አላውቅም። በልቤ «የተቀረጸውንም ምስል ለአንተ አታድርግ» የሚለውን እደግማለሁ፣ በእጄ መብራት አበራላቸዋለሁ።

በመጨረሻ ዓይኗ መጣ። ከጣት የማይረዝም ሰሌዳ ላይ ጎን ለጎን የተሰኩ ሁለት ብርማ ክቦች። ዘይነባ ከሂጃቧ ላይ መርፌ ቁልፏን ነቅላ በጀርባው ሁለት ፊደል ጫረችበት። አንዱ የእሷ «ዘ» ነው፣ ሌላው የእኔ «እ»።

«ከጠፋች የማን ጥጃ እንደሆነች ይታወቃል» አለች።

መምህር ማቴዎስ ዓይኑን ግንባሯ ላይ ገጠሙና እጃቸውን አራገፉ። «በሉ እንግዲህ፣ ዓርብ ነፍስ እንዘራባታለን።»

ዓርብ ነፍስ እንዘራባታለን! ዛሬ የማንም አፍ የሚለው ተራ ንግግር መሆኑን አውቃለሁ። ያኔ ግን የየኔታ ቤት ልጅ ነኝ፤ በእኛ ቤት ቃል ማለት የተነገረው ነገር ራሱ ነው። በዚያው ምሽት እግራቸውን እያጠብኩ ጠየቅኋቸው።

«የኔታ፣ ነፍስ የሚዘራ ማን ነው?»

«አንድዬ ነዋ።»

«ሰውስ መዝራት ይችላል?»

ሳቁ። «ሰው ዘሩን ከየት ያመጣል ልጄ? ከጎረቤት ማሳ ካልሰረቀ በቀር!»

«ጎረቤቱስ?»

«ጎረቤቱማ ባዶ ማሳውን ታቅፎ ይቀራል።» ሳቃቸው ወደ ሳል ተለወጠና ደረታቸውን ያዙ። «ምን ልትዘሪ ነው? ትምህርት ቤት የምትሠሩት ምንድን ነው?»

«ጋሪ» ብዬ ዋሸሁ።

ዓርብ ከሰዓት ጥጃዋ ተነሣች። መምህር ማቴዎስ አንዲት ነገር ተጭነው ሲለቋት ጮኸች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣች። እግሬ ሥር ልትደርስ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። በሁለት ዓይኗ አየችኝ፤ አንገት ባይኖራትም ፊቷን አዙራ ሄደች።

«ወላሂ አወቀችሽ!» ዘይነባ እያጨበጨበች ዘለለች። «እናኑ፣ ምን ትደነግጪያለሽ፣ ጥጃ እኮ ናት!»

ቤት ስደርስ ዜማው አልነበረም። የኔታ ጎናቸውን ይዘው ተኝተዋል። እናቴ ከአጠገባቸው ተቀምጣ «ከቅዳሴ ሲመለሱ ጎኔን ወጋኝ አሉ» አለችኝ። መቼ እንደሆነ ጠየቅኋት። «ዘጠኝ ሰዓት አካባቢ።» ጥጃዋ የተነሣችበት ሰዓት ነው።

የሚቀጥለውን ሳምንት እንዴት ብዬ ልጻፈው? በየቀኑ ጥጃዋ ትጎብዛለች፣ በየቀኑ የኔታ ይደክማሉ። ሰኞ በካርቶኑ ግድግዳ መካከል ሁለት ዙር ወጣች፤ የኔታ ሰኞ ዱላቸውን መያዝ አቃታቸው። ማክሰኞ ሦስት ዙር ወጣች፤ እሳቸው ማክሰኞ ስሜን ተሳስተው በእናቴ ስም ጠሩኝ። ለማን እናገራለሁ? ለእናቴ ብናገር ሮቦት ምን እንደሆነ አታውቅም፤ ለመምህሩ ብናገር ይስቃሉ። ለቄስ እንዳልናገር፣ ነፍስ በመስረቅ ላይ የተባበርኩ እኔ ነኝ። ዓይን የሌላቸው አያቴ ተኝተው ዓይን ያላት ጥጃ ስትሮጥ አያለሁ።

ረቡዕ ከደብረ ታቦር ደብዳቤ መጣ፤ የተመዘገቡት ቡድኖች ስም ዝርዝር። መምህር ማቴዎስ አነበቡትና በሳቅ ወንበራቸው ላይ ወደቁ። ዘይነባ ነጥቃ አየችው፣ እሷም ሳቀች፣ ለእኔ ሰጠችኝ። የጻፈው ሰው አንድ ፊደል ስቷል። በማኅተሙ አጠገብ፣ በጥሩ ፊደል፣ «ነፍስ መውጫ» ይላል።

«አላልኳችሁም?» አሉ መምህሩ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ይኸው በመንግሥት ወረቀት ጸደቀልኝ!»

እኔ ግን ደግሜ አነበብኩት። በማኅተም ተጽፎ መጥቷል። ከዚህ ወዲያ ምን ምልክት እጠብቃለሁ?

ሐሙስ አንዲት ነርስ ቤት መጥታ የኔታን መርፌ ወጋቻቸው፤ በማግስቱም ደግማ ትወጋለች አሉ። ይህን እጽፈዋለሁ፣ ምክንያቱም ያኔ ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም። በሽታው የሳንባ ምች እንደነበር፣ በጾም በደከመ የሽማግሌ ገላ ላይ የዚያ አገር ብርድ ምን እንደሚያደርግ ያወቅሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ዓርብ የውድድሩ ዋዜማ ነበር። ጥጃዋ በክፍሉ ቁም ሣጥን ውስጥ ትቆለፋለች፤ ቁልፉ በዘይነባ አንገት ላይ ነው። አባቷ ለጁምዓ ሲሄዱ ዕቃውን የምትጠብቅ እሷ ናትና ስድስት ሰዓት ላይ ቁልፉን አውልቃ አንገቴ ላይ አጠለቀችልኝ።

«ካርቶኖቹን አሽጊልኝ፤ መጣሁ። ጥጃዋን ግን ሣር እንዳታበያት፣ ሁዳዴ ነው!»

በሩ ሲዘጋ ብቻዬን ቀረሁ። ቁም ሣጥኑን ከፈትኩ። ዓይኑን በሁለት እጄ ይዤ ሳብኩት፤ እሸት ባቄላ ከአገዳው እንደሚላቀቅ ቀስ ብሎ ወጣ። ከዚያ ቤት ሮጥኩ። እናቴ እሳት ልትለምን ጎረቤት ሄዳለች። የየኔታን ትርፍ ጥምጥም ከመደቡ ራስጌ አነሣሁ። በእሱ የጠቀለልኩት ነፍሲቱ ጨርቁን አሽትታ ባለቤቷን እንድታውቀው ነው። እንዳታመልጥም በክር ደጋግሜ አሰርኳት።

ከወይራው ሥር፣ ከአጥሩ ጥግ፣ በድንጋይ ስለት ቆፈርኩ። መሬቱ ጠጣር ነበር፤ ጥፍሬ ተላጠ። ሰው የሚመጣ ሲመስለኝ እሰግድ ነበር፤ የሁዳዴ ዓርብ ስለሆነ የምትሰግድን ልጅ ማንም ምን ታደርጊያለሽ አይላትም። ሦስት ጊዜ አቡነ ዘበሰማያት ደገምኩ። «ነፍስ ይማር» ማለት ፈራሁ፤ እሱ ለሞተ ነው። ስለዚህ አፈሩን ስመልስ ሌላ ነገር አልኩ።

«ወደ ማሳሽ ተመለሺ።»

ክፍል ስመለስ ዘይነባ ገና አልመጣችም። ካርቶኖቹን አሸግሁ። ስትመጣ ቁልፉን ከአንገቴ አውልቄ ሰጠኋት፤ እጄን ከኋላዬ ደበቅሁት።

ከሰዓት በኋላ ጥጃዋ ስትወጣ ግንባሯ ባዶ ነበር። መምህር ማቴዎስ መጀመሪያ ወደቀ ብለው ወለሉን ፈለጉ፤ ሁላችንም ተንበርክከን ፈለግን፤ እኔም ፈለግሁ። ከዚያ ቀና አሉ።

«ቁልፉ ከማን ጋር ነበር?»

ዘይነባ አየችኝ። ጥፍሬን ነው ወይስ ፊቴን ያየችው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠበቀችኝ። እንድናገር ጠበቀችኝ። እኔ ወለሉን መፈለጌን ቀጠልኩ።

«ከእኔ ጋር ነበር» አለች።

በማግስቱ በሚኒባስ ደብረ ታቦር ስንሄድ ውድድሩን ለማየት የተከተሉን የክፍላችን ልጆች ከኋላ ወንበር «ዓይኑን ለሬዲዮ ሠሪ ሸጠችው፣ የነጋዴ ልጅ አይደለች» ይላሉ። ዘይነባ ግን ጥጃዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ከመምህሩ ኮምፒውተር ጋር ትታገላለች። መምህር ማቴዎስ እንቅር ብለው ነበር፤ እሷ ናት እምቢ ያለችው።

«ዕውር ሆና እንዴት ትሄዳለች?» አሏት።

«የእናኑ አያት እንዴት ይሄዳሉ? ቆጥረው አይደለም? እሷም ትቁጠር።»

ቆጠረች። ይህን ያህል ሂጂ፣ ዙሪ፣ ይህን ያህል ሂጂ። በአዳራሹ ውስጥ ዓይን የሌላት ጥጃችን የመጀመሪያውን ግድግዳ አለፈች። ሁለተኛውን አለፈች። ሰው ተነሥቶ ያይ ጀመር። እኔ ግን የማየው ሌላ ነው፤ ዓይኗንም ነፍሷንም ቀብሬ አሁንም ትሄዳለች፤ በምን ትሄዳለች? የሚሄደው የማን ነፍስ ነው? ሦስተኛው ላይ፣ ወለሉ ከእኛ ክፍል ሲሚንቶ ይልቅ ያንሸራትት ነበርና፣ ተንሸራታ ካርቶኑን በግንባሯ መታችው። ሰው ሁሉ «ውይ!» አለ። እኔ ውስጤ ደስ አለው። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለው።

ስንመለስ ዘይነባ ከአጠገቤ ተቀመጠች። ክምር ድንጋይ የምትባለውን ከተማ ካለፍን በኋላ ጠየቀችኝ።

«አያትሽ ተሻላቸው?»

«እንጃ።»

«አላህ ይማራቸው» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እሑድ ጠዋት በዜማ ነቃሁ። ቀጭን፣ የተሰባበረ፣ ግን ዜማ ነው። የኔታ ተደግፈው ተቀምጠው አጥሚት ይጠጣሉ።

«እናንዬ፣ ትርፉ ጥምጥሜ የታለ?»

«አላየሁትም፣ የኔታ።»

«እኔም አላየሁትም» አሉና በገዛ ቀልዳቸው ሳቁ፤ በዚህኛው ሳቅ አላሳላቸውም። ጉልበታቸውን አቅፌ አለቀስኩ። ለበሽታው ያለቀስኩ መሰላቸው።

ከዚያ በኋላ አራት ዓመት ኖሩ። እኔም ለዚህ ነው ዝም ያልኩት፤ ብናገር፣ ተቆፍሮ ቢወጣ፣ ማሳው ደግሞ ባዶ የሚሆን ይመስለኝ ነበር። ካደግሁ በኋላ ደግሞ ያፈርኩበት ነገር ሆነ። ኮሌጅ ሳለሁ አንድ መምህር ያን የመሰለ ዕቃ ይዞ መጣ። ዓይን አይደለም አለን። ለሰው ጆሮ የማይሰማ ድምፅ ይልካል፣ ከግድግዳ ተመልሶ ሲመጣ ይሰማል፣ በዚያ ርቀቱን ያውቃል። ዓይን ያልነው ጆሮ ነበር። የየኔታ «ጧ» ነበር፤ «ይመልስልኛል» ያሉት። ክፍሉን ለቅቄ ወጣሁ።

ከእታለም ስልክ በኋላ እዚህ ያሉትን የንስሐ አባቴን ሄጄ ነገርኳቸው። «የፈራሽው ልጅ ሆነሽ ነው፤ ዝም ያልሽው ግን አድገሽም ነው» አሉኝ። «ለእኔ የነገርሽኝን ለተበደሉት ንገሪ።» የተበደሉት ሁለት ናቸው፤ አንዱ መቃብር ውስጥ ናቸው።

ስለዚህ ያኔ እዚያ የነበራችሁ ሁሉ፣ ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ።

መምህር ማቴዎስ፣ ዛሬ የት እንዳሉ አላውቅም። ያ ነገር ምን እንደሆነ በእጅዎ ጽፈው ወደ ደብራችን ይላኩልኝ፤ የእኔን ቃል የልጅ ልጅ ቃል ነው ይሉታል።

የደብራችን አባቶችና አጥሩን የምትቆፍሩ ወንድሞቼ፣ ከጣሳው አውጡት። አይጎዳችሁም። ሦስቱ ቋጠሮዎች የዕውር መንገድ ናቸው እንጂ የጠንቋይ እስር አይደሉም። ዓይኑን ገልብጡት፤ በጀርባው በመርፌ የተጫሩ ሁለት ፊደላት አሉ። ጥምጥሙን አጥባችሁ ለእታለም ስጧት፤ ለዓመታቸው ቁሙላቸው።

ዘይነባ፣ የአባትሽ መደብ ዛሬም ገበያው ውስጥ እንዳለ ነግረውኛል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እስከ አጥሩ ድረስ ብቻ ነይልኝ። እኔም መንገድ ከቀናኝ እመጣለሁ፤ ባልደርስ ግን ይህን ወረቀት ይዘሽ ቁሚ። አንድ ጊዜ ስለ እኔ ዋሽተሻል፤ የዚያን ዕለት የወደቀብሽን ስም እስከ ዛሬ አላነሣሁልሽም። አሁን ሲጠይቁሽ፣ ቁልፉ ከማን ጋር እንደነበር፣ እባክሽ እውነቱን ተናገሪ።